የተባይ መድኃኒት ፈላጊው፦ የጌርሃርድ ሽራደር ሕይወትና ሥራ

ዲሴምበር 10 ቀን 1936 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በስቶክሆልም ከተማ ሁለት ሊቃውንት የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። አንደኛው በኦስትሪያ በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኦቶ ሎዊ፣ ሁለተኛው እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ነበሩ። የተሸለሙትም ነርቭ ትእዛዙን ወደ ልብ፣ ወደ ዕጢና ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው በኬሚካል መልእክተኛ አማካይነት መሆኑን በማረጋገጣቸው ነው። ከዚህ ሥነ ሥርዓት በኋላ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ የፈረንጆች ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን በሚገኝ አንድ የፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የሠላሳ ሦስት ዓመቱ ኬሚስት ጌርሃርድ ሽራደር አንድ አዲስ ፈሳሽ አዘጋጀ። ፈሳሹ ያንኑ የነርቭ መልእክተኛ ከሥርዓት ውጭ የሚያደርግ መሆኑን በዚያን ቀን ሽራደር አያውቅም ነበር። ይፈልግ የነበረው የክሽክሽ መድኃኒት ነው።

ሽራደር ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1903 በብራውንሽቫይግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቦርትፌልድ መንደር ተወለደ። ትምህርቱንም በዚያው በብራውንሽቫይግ ተከታትሎ በከተማይቱ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንቶ በዶክተርነት ማዕረግ ተመረቀ። ከዚያም በዘመኑ በዓለም ካሉት የኬሚካል ድርጅቶች ሁሉ የገዘፈው የኢ.ጌ. ፋርበን አካል በሆነው በባየር ድርጅት ተቀጠረ። በመጀመሪያ የተመደበው በቀለም ሥራ ላይ ነበር። በ1934 ግን ወደ ተባይ መከላከያ ምርምር ተዛወረ።

የምደባው ምክንያት ኢኮኖሚያዊ ነበር። ጀርመን በዚያን ጊዜ እህሏን ከነቀዝና ከልዩ ልዩ ተባይ የምትጠብቀው እንደ ኒኮቲንና እንደ ፓይሬትረም ያሉ ከውጭ የሚመጡ ነገሮችን እየገዛች ነው። የናዚ መንግሥት ደግሞ አገሪቱ በምግብ ራሷን እንድትችልና የውጭ ምንዛሪዋን ለጦር መሣሪያ እንድታውል ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ከአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ርካሽ ፀረ ተባይ ማግኘት የመንግሥትም የድርጅቱም ፍላጎት ሆነ። ሽራደር ሥራውን የጀመረው ፍሎሪን ባለባቸው ኦርጋኒክ ውሁዶች ነው። ከእነዚህም መካከል ጥቂት የሚረቡ አገኘ። ቀጥሎም ፎስፎረስን በእምብርትነት ወደያዙ ውሁዶች ተሻገረ።

በዚህ መንገድ ፊተኛው እሱ አልነበረም። በ1932 በበርሊን ቪሊ ላንገና ጌርዳ ፎን ክሩገር የተባሉ ኬሚስቶች ፍሎሪን ያለባቸውን የፎስፎሪክ አሲድ ኤስተሮች አዘጋጅተው፣ ትነቱ ትንፋሽ እንደሚያሳጥርና ዓይን እንደሚያፈዝ አስተውለው በጽሑፍ አውጥተው ነበር። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ጉዳይ ነው፤ የመርዙ ምልክት ከታባን መገኘት አራት ዓመት አስቀድሞ በግልጽ መጽሔት ታትሞ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

ሽራደር የሠራበት ዘዴ ለማንኛውም ኢንጂነር የተለመደ ነው። አንዱን የሞለኪዩል ክፍል ይዞ ሌላውን እየለዋወጠ፣ እያንዳንዱን ለውጥ በተባይ ላይ እየሞከረ፣ የተሻለውን እያስቀረ ይቀጥላል። በዲሴምበር 23 ቀን ከፎስፎረስ ጋር የሳያናይድን ክፍል ያገናኘበትን ውሁድ አገኘ። በክሽክሽ ላይ ሲሞክረው በሁለት መቶ ሺህ እጅ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ የሆነው ቅልቅል ተባዮቹን አንድ ሳያስቀር ፈጃቸው። ለፀረ ተባይ ፈላጊ እንዲህ ያለ ውጤት ታላቅ የምሥራች ነው።

የምሥራቹ ግን ሳምንታት ብቻ ቆየ። በጃንዋሪ 1937 ሽራደርና ረዳቱ ምርቱን በመጠኑ ከፍ አድርገው ሊያዘጋጁ በተነሡበት ጊዜ ከፈሳሹ ጥቂት ጠብታ በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሁለቱም የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠበበ፤ መብራቱ የደከመ መሰላቸው፤ ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር፤ ትንፋሽም አጠራቸው። ለማገገም ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። ምናልባትም ፈሳሹ ጥቂት ጠብታ በልጦ ቢሆን ኖሮ የሽራደር የሕይወት ታሪክ በዚያች ዕለት ይዘጋ ነበር። ፈሳሹ በኋላ ታባን ተብሎ ተጠራ።

በሁለቱ ሰዎች ላይ የደረሰውን ነገር ለመረዳት ወደ ሎዊና ወደ ዴል ሥራ መመለስ ያስፈልጋል። ሰው ሳያዝዘው የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሰውነትን ለሩጫና ለጠብ የሚያነሣሣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው ደግሞ ልብን የሚያረጋጋ፣ ምራቅንና እንባን የሚያመነጭ፣ አንጀትን የሚያንቀሳቅስ፣ የዓይንን ብሌን የሚያጠብ ነው። የዚህ የሁለተኛው ክፍል መልእክተኛ አሴቲልኮሊን ይባላል። ሎዊ በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረገው ሙከራ የደረሰበትም እሱኑ ነው። ነርቩ አሴቲልኮሊንን ይለቃል፤ አሴቲልኮሊኑም በተቀባዩ ሕዋስ ላይ ትእዛዙን ያደርሳል፤ ወዲያውኑም ኮሊንኤስተሬዝ የተባለው ኤንዛይም ቈራርጦ ያጠፋዋል። አንድ ቫልቭ በተከፈተ ቍጥር የሚዘጋው ሠራተኛ አጠገቡ እንደ ቆመ ያህል ነው።

የሽራደር ፈሳሽ የሚያጠቃው ይህንኑ ሠራተኛ ነው። የፎስፎረሱ ክፍል ከኤንዛይሙ የሥራ ቦታ ላይ ተጣብቆ አይለቅም፤ ጊዜ ባለፈም መጠን መጣበቁ እየጸና ስለሚሄድ ኤንዛይሙ ጨርሶ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። አሴቲልኮሊን ያለ ከልካይ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ ሰውነት የሚያሳየው የፓራሲምፓቴቲኩ ሥራ ሁሉ ከልኩ አልፎ የሄደበትን ሁኔታ ነው፦ እንባና ምራቅ ይጐርፋሉ፤ ሳምባ በራሱ ፈሳሽ ይሞላል፤ የትንፋሽ ቧንቧ ይጠባል፤ ሆድ ይታወካል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ሽንት አይያዝም፤ ልብ ይዘገያል። ይኸው መልእክተኛ በጡንቻና በአንጎልም ስለሚሠራ ጡንቻዎች መጀመሪያ ይንቀጠቀጣሉ፣ ኋላም ይዝላሉ፤ በመጨረሻ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲቆሙ ሰውየው ይሞታል። በመርዝ የተያዘ ሰው ከውጭ ምንም ሳይነካው በገዛ ደረቱ ውስጥ እንደ ሰጠመ ይቈጠራል።

የማርከሻው አንደኛው ወገን በዚያን ጊዜም የታወቀ ነበር። አትሮፒን የሚባለው ከቤላዶና ቅጠል የሚገኝ መድኃኒት በአሴቲልኮሊን መቀበያ ላይ ተቀምጦ ትእዛዙ እንዳይደርስ ይከለክላል። በአገራችን በየጥሻውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግርም የዚሁ ቤተሰብ ተክል ሲሆን አትሮፒንና ዘመዶቹን ይዟል፤ የሚያቃዠውና አፍ የሚያደርቀውም ለዚሁ ነው። አትሮፒን ግን የታሰረውን ኤንዛይም አይፈታም። የሚፈታው ፕራሊዶክሲም የተባለ መድኃኒት የተገኘው በ1955 ሲሆን እሱም ቢሆን መጣበቁ ከመጽናቱ በፊት ሲደርስ ነው የሚረዳው።

ወደ 1937 እንመለስ። ከ1935 ጀምሮ በጀርመን የወታደራዊ ጠቀሜታ ያለው ማንኛውም ግኝት ለመንግሥት እንዲገለጥ የሚያስገድድ ድንጋጌ ወጥቶ ነበር። ታባን ለእርሻ እንደማይሆን አደጋው አረጋገጠ፤ ለሌላ ነገር እንደሚሆን ግን እንዲሁ አረጋገጠ። ናሙናው ወደ በርሊን ተላከ። ሽራደርም በ1937 ወደዚያው ተጠርቶ የፈሳሹን ኃይል ለጦር ሠራዊቱ የኬሚካል ክፍል አሳየ። ፓተንቶቹ ምስጢር እንዲሆኑ ታዘዘ፤ ሽራደርም ሥራውን በቩፐርታል ኤልበርፌልድ በሚገኝ ላቦራቶሪ እንዲቀጥል ተደረገ። ድንጋጌው አስገዳጅ ነበር መባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሽራደር የተጠየቀውን ከመፈጸም አልፎ ምርምሩን በዚያው መስመር መግፋቱም እውነት ነው። በ1938 ሳያናይዱን በፍሎሪን ተክቶ ከታባን እጅግ የሚበረታውን ሁለተኛ መርዝ አገኘ። ይህኛው ሳሪን ተባለ፤ ስሙም ከሽራደርና በሥራው ከተሳተፉት ሰዎች ስሞች ፊደላት የተገጣጠመ ነው። ሰው ስሙን በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ለማኖር ፈቃደኛ መሆኑ ስለ ዘመኑ መንፈስ ብዙ ይናገራል።

የታባን ናሙና በርሊን በደረሰበት ወቅት የመርዝ ጋዝ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አልነበረም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 እና በ1936 የጄኔቫን የ1925 ስምምነት ጥሳ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን በአውሮፕላን በወታደሩም በባላገሩም ላይ አዝንባለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ይህንኑ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር አስታውቀዋል። የዓለም መንግሥታት ዝምታ የጋዝ ጦርነት ቅጣት እንደሌለበት ያስገነዘበ ነበር። የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያቈስል የአንደኛው ጦርነት ዘመን መርዝ ነው፤ የሽራደር ግኝት ግን ቁስል ሳያወጣ፣ ብዙ ጊዜም ሽታው ሳይታወቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል አዲስ ዓይነት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ የኢንጂነሮች ሆነ። በ1940 በብሬስላው አጠገብ በዲሄርንፉርት (ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ብዜግ ዶልኒ በሚባለው ስፍራ) የታባን ፋብሪካ መሠራት ጀመረ። ምርቱ የተጀመረው በ1942 ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ለሙያው ሰው የሚገባ ነው። በመካከል የሚፈጠሩት ውሁዶች ብረትን ስለሚበሉ ዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች ከኳርትዝ ወይም በብር ከተለበጠ ብረት መሠራት ነበረባቸው። አደገኛ የሆኑት ክፍሎች በድርብ መስተዋት ተከልለው በመካከላቸው የታመቀ አየር እንዲዘዋወር ተደረገ፤ መሣሪያዎቹ በእንፋሎትና በአሞኒያ ይታጠቡ ነበር፤ ሠራተኞቹም ጭምብልና ድርብርብ የጎማ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ልብሱ ዐሥር ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ይጣል ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ እንኳ ማምረት ከመጀመሩ በፊት ብቻ ሦስት መቶ ያህል አደጋ ደረሰ፤ ቢያንስ ዐሥር ሰዎችም ሞቱ። በቦታው ላይ ከግሮስ ሮዘን ማጎሪያ የመጡ እስረኞችም በግዳጅ ይሠሩ ነበር። ፋብሪካው እስከ 1945 መጀመሪያ ወደ ዐሥራ ሁለት ሺህ ቶን የሚደርስ ታባን አምርቶ ሶቪየቶች ያዙት። ሳሪን ግን ትልቁ ፋብሪካው ሳያልቅ ጦርነቱ በመፈጸሙ በብዛት ሳይመረት ቀረ።

ያ ሁሉ ታባን በጦር ሜዳ አልተተኰሰም። ከተሰጡት ምክንያቶች መካከል ዋነኛው፣ የኢ.ጌ. ፋርበን ኃላፊ የነበረው ኦቶ አምብሮስ በ1943 ሂትለር በጠየቀው ጊዜ ጠላትም ይህን መርዝ ሳያውቀው እንደማይቀር ማስረዳቱ ነው። ግምቱ ስሕተት ነበር፤ እንግሊዝና አሜሪካ ታባንን አያውቁም ነበር። በታሪክ ውስጥ ስሕተት የሆነ የቴክኒክ አስተያየት ይህን ያህል ሕይወት ያዳነበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም። ከሕዋሳት መልእክተኛው ፈልሳፊ ከኦቶ ሎዊ ላይ የደረሰውንም ማንሣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙ አይሁዳዊ በመሆኑ አሰሩት፤ የኖቤል ሽልማቱንም ገንዘብ ለእነሱ ካስረከበ በኋላ ነው ከአገር የወጣው።

በጦርነቱ ዓመታት ሽራደር የመጀመሪያ ጥያቄውን አልተወም። ለሰው የማይከፋ ለተባይ የሚከፋ የፎስፎረስ ውሁድ ሊገኝ እንደሚችል ያምን ነበር። በ1941 ያገኘው አንደኛው ውሁድ በተክሉ ሥርና ቅጠል ገብቶ በጭማቂው ውስጥ ስለሚዘዋወር፣ ተክሉን የሚመጥጠው ተባይ ብቻ የሚመረዝበት ሆነ፤ በስሙ ሽራዳን ተብሎ ተጠራ። በ1944 ብላዳን የተባለው ኒኮቲንን የሚተካ መድኃኒት ለገበሬ ቀረበ። በዚያው ዓመት ፓራታየን ተገኘ። ፓራታየን የሚደነቅበት ምክንያት ከፎስፎረሱ ጋር ኦክስጅን በነበረበት ቦታ ሰልፈር መግባቱ ነው። በሰልፈሩ የተነሣ ውሁዱ በሜዳ ላይ ሳይበላሽ ይቆያል፤ በተባዩ አካል ውስጥ ሲገባ ግን ሰልፈሩ በኦክስጅን ተተክቶ መርዙ ይነቃል። ችግሩ የሰው አካልም ይህንኑ ለውጥ መፈጸሙ ነው።

ጦርነቱ እንዳበቃ ሽራደር በእንግሊዞች እጅ ገብቶ የጀርመን ሳይንቲስቶች በተሰበሰቡበት በክራንስበርግ ግንብ ተመረመረ፤ ስለ ሥራውም ሰፊ ዘገባ ጻፈ። አምብሮስ በግዳጅ ሥራ ጉዳይ በ1948 ተፈርዶበት ስምንት ዓመት እስራት ሲቀበል፣ ሽራደር ለፍርድ አልቀረበም። ዘገባው ለአሸናፊዎቹ የጦር ምርኮ ሆነ፤ ፓራታየንን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያመርቱት ጀመር። የመርዝ ምርምሩም እንዲሁ አላቆመም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ለፀረ ተባይነት የተሠራው አሚቶን ለእርሻ እጅግ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ወደ ጦር ክፍል ተላልፎ ቪ.ኤክስ. የተባለውን መርዝ ወለደ። በሌቨርኩዘን በ1936 የተደረገው ነገር በሌላ አገር በሌሎች እጅ ተደገመ ማለት ነው።

ሽራደር ወደ ባየር ተመልሶ እስከ ጡረታው ሠራ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የምርምሩን ውጤት በመጽሐፍ አሳተመ። በሕይወቱ ያዘጋጃቸው የፎስፎረስ ውሁዶች ወደ ሁለት ሺህ እንደሚጠጉ ይገመታል። እሱና ባልደረቦቹ ያስገኟቸው ወይም መንገድ የጠረጉላቸው ፀረ ተባዮች ጥጥንና አትክልትን ከተባይ በማዳን ስመ ጥር ሆኑ። ከባየር ላቦራቶሪ የወጣው ትራይክሎርፎን መጀመሪያ ለዝንብ ማጥፊያ የታሰበ ሲሆን፣ በኋላ ሜትሪፎኔት በሚል ስም በአፍሪካ የሽንት ቧንቧን ቢልሃርዚያ ለማከም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። የአዋሽ ሸለቆን ሕመም ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የፓራታየን ታሪክ ግን ሁለት ገጽ አለው። በ1954 በጀርመን በቮርምስ ከተማ በጣፋጭ ውስጥ ተጨምሮ ሰው የተገደለበት ወንጀል ከተገለጠ ወዲህ ራሳቸውን ለማጥፋት በዚሁ መርዝ የተጠቀሙት ብዙ ሆኑ። ድኻው ዓለም ደግሞ መርዙን ተቀበለ እንጂ የጎማ ልብሱንና ጭምብሉን አልተቀበለም። በ1976 በፓኪስታን የወባ ትንኝ ለማጥፋት ከተሠማሩት 7,500 ያህል ሠራተኞች መካከል ወደ 2,800 የሚሆኑት ተመረዙ፤ አምስቱም ሞቱ። የተረጨው ማላታየን ነበር፤ ከፎስፎረስ ውሁዶች ሁሉ ለሰው የዋህ የሚባለው። ጥፋቱ የተገኘው በአሠራሩና በአቀማመጡ ነው፦ በሙቀት ውስጥ በተቀመጠው ዱቄት አይሶማላታየን የተባለ ቆሻሻ ተፈጥሮ፣ የሰው ጉበት ማላታየንን የሚያከሽፍበትን ኤንዛይም አሰናከለ። ሞለኪዩሉን የሠራው ኬሚስት የማይመልሰው፣ መጋዘኑን የሚሠራውና ቅምሩን የሚቈጣጠረው ባለሙያ ግን የሚመልሰው ጥያቄ ነው።

በአገራችንም ለዐሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ፣ የዲ.ዲ.ቲ. ዘመዶችም የፎስፎረስ ውሁዶችም፣ ከ2000 ጀምሮ ተሰብስቦ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ማላታየንና ክሎርፓይሪፎስ በ2020 በምሥራቅ አፍሪካ በተነሣው የበረሃ አንበጣ ላይ ተረጭተዋል። በሆስፒታሎቻችን የድንገተኛ ክፍሎች የፎስፎረስ ፀረ ተባይ መርዝ ከተለመዱት የመመረዝ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ታማሚው የጠበበ ብሌንና የሚጐርፍ ምራቅ ይዞ ሲመጣ ሐኪሙ የሚያዝዘውም ያው አትሮፒን ነው፤ የሚሰጠውም በሰዓት ሳይሆን ሳምባው እስኪደርቅ ድረስ በየደቂቃው እየታየ ነው።

ሽራደር በእርጅናው የሠራው ነገር ወደ ጦር ሜዳ ሲገባ ለማየት ደርሷል። ማርች 16 ቀን 1988 በኢራቅ የኩርዶች ከተማ በሆነችው በሐላብጃ ላይ የሰናፍጭ ጋዝና የነርቭ መርዝ ዘንቦ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ሽራደር ራሱ በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ኤፕሪል 10 ቀን 1990 በቩፐርታል ዐረፈ። ሳሪን በ1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር፣ በ2013 ደግሞ በደማስቆ አካባቢ በጉታ ሰው የፈጀው ከሞተ በኋላ ነው።

በ1993 ለፊርማ የቀረበውና በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የኬሚካል መሣሪያዎች እገዳ ስምምነት ታባንንና ሳሪንን በመጀመሪያው ሰንጠረዥ አስፍሯቸዋል። አሚቶን በሁለተኛው ሰንጠረዥ ይገኛል። ፓራታየን በአንዱም ሰንጠረዥ የለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከእርሻ ለማስወጣት የወሰነው በ2001 ነው።